መቅኖ ቢስ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ሥራ ያጣ ጓደኛውን "አንተ እኮ መቅኖ ቢስ ነህ" ሲለው ሰማሁ። ጓደኛው አንገቱን ደፋ። ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። መቅኖ ቢስ የሚባለው ያጣ ሰው አይደለም፤ አግኝቶ የማይበረክትለት ነው።

ቃሉ ከአጥንት መቅኔ የመጣ ይመስለኛል። የተወለደው ደግሞ ቅርጫ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ቅልጥም የሚሰብሩት አያቴ ነበሩ። በምሳር ጀርባ አንዴ መታ ሲያደርጉት እንደ ቅቤ የነጣ መቅኔ ብቅ ይላል። እኛ ልጆች ዙሪያውን ከበን እንቁለጨለጫለን። አንድ ዓመት ግን ዝናቡ ቀርቶ ከብቱ ሁሉ ከስቶ ነበር። ቅልጥሙ ሲሰበር ቀላ ያለ፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ወጣ። አያቴ በጣታቸው ነካ አደረጉትና "መቅኖ የለውም" አሉ። ያን ቀን ማንም ቅልጥም አልመጠጠም።

አያቴ ልክ ነበሩ። ከብት ሲራብ የቆዳ ሥር ስቡ ይሄዳል፣ ሞራው ይሄዳል፣ የኩላሊት ጮማው ይሄዳል። የቅልጥሙ ስብ መጨረሻ ነው። እሱም ካለቀ ጎተራው ተጠረገ ማለት ነው። ዛሬም የእንስሳት ሐኪሞች ከብት በረሃብ መሞቱን ለማወቅ መቅኔውን ያያሉ።

ደም የሚሠራውም መቅኔ ውስጥ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም ኖይማን በኮኒግስበርግ፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ቢዞዜሮ በፓቪያ አሳወቁ። የጥጃ ቅልጥም ቀይ ነው፤ ደም ይሠራበታል። ሲያድግ የእግሩ አጥንት ስብ ይሞላና ሥራው ለጎድን፣ ለደረት አጥንትና ለአከርካሪ ይቀራል። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል፤ መቅኔ በየቀኑ 200 ቢሊዮን ገደማ ይተካል። ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል፣ መቅኔም ሥራውን ያፋጥናል። ወጪ አለ፣ መተኪያ አለ፣ ተቆጣጣሪም አለ። ለእኔ መቅኖ ማለት ይኸው ነው፤ የወጣውን የሚተካ ነገር።

ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። ቆሮሶ ስታጥቡ ከአከርካሪው ሥር ተጣብቆ የሚቀር ጠቆር ያለ ቀይ ነገር አለ አይደል? በጥፍር ፍቀን የምንጥለው። ኩላሊቱ ነው፤ ዓሣ ደሙን በዋናነት የሚሠራው እዚያ ነው። አጥንቱ ውስጥ ደም ባይሠራም መተኪያው ሌላ ቦታ አለ፤ ደም አልባ አልሆነም።

እና ያ የታክሲው ወጣት ቃሉን ያለቦታው አዋለው። መቅኖ ቢስ፣ ደመወዝ በወጣ በ3ኛው ቀን ብድር የሚጠይቀው ነው። ጓደኛው የሚያባክነው ሳንቲም የለውም። "ቸገረው" ማለት ምን ገደለን?