የሂውስቴድ ቤተሰብና ዎል ድራግ፦ አራት ትውልድ ያኖረ መድኃኒት ቤት

ዎል ድራግ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ዎል በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ፣ በመድኃኒት ቤትነት ጀምሮ ዛሬ የመንገደኞች ማረፊያ፣ የገበያ አዳራሽና የጎብኚዎች መስሕብ የሆነ የቤተሰብ ድርጅት ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው (ዎል በእንግሊዝኛ ግንብ ማለት ነው) ከአጠገቧ እንደ ግንብ ተገትሮ ከሚታየው የባድላንድስ ገደል ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 699 ብቻ ነበሩ። ድርጅቱ በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንግዳ ያስተናግዳል ተብሎ ይገመታል። የቦታው ዝና ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ የተሳካ ማስታወቂያ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ጉዳዩን ከሥሩ ለተከታተለው ሰው ይህ በመጀመሪያ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባልና ሚስት የመሠረቱትን ልጃቸው አስፋፋው፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ሳይሸጡትና ሳይከፋፈሉት ይዘውት ቆዩ።

መሥራቹ ቴድ ሂውስቴድ በ1902 በነብራስካ ግዛት ተወልደው፣ በ1929 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ትምህርት ተመርቀዋል። ለሌላ ሰው ተቀጥረው ጥቂት ከሠሩ በኋላ የራሳቸውን መድኃኒት ቤት የመክፈት ሐሳብ ያዙ፤ በእጃቸው የነበረው ገንዘብም ከአባታቸው የወረሱት 3,000 ዶላር ነበር። እርሳቸውና ባለቤታቸው ዶረቲ አጥባቂ ካቶሊኮች ስለነበሩ፣ የሚሰፍሩባት ከተማ ምንም ያህል ትንሽ ብትሆን ቤተ ክርስቲያን ያላት እንድትሆን ፈለጉ። በታኅሣሥ 1931 በዎል ለሽያጭ የቀረበውን መድኃኒት ቤት የገዙትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ 350 ሰው እንኳን የማይሞላባት፣ በድርቅና በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የተመታች የገበሬዎች መንደር ነበረች። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ደንበኛ እምብዛም አልነበረም።

ባልና ሚስቱ የ4 ዓመት ልጃቸውን ቢልን ይዘው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ስፍራ፣ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ጋርደው መኖር ጀመሩ። ከመጀመሪያው የተስማሙበት አንድ ውል ነበራቸው፦ 5 ዓመት ሞክረው ካልተሳካ ጥለው ይሄዳሉ። ይህች ቀነ ገደብ በኋላ ለመጣው ሁሉ ቁልፍ ናት ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም 1936 ሲደርስ የቀራቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፣ ገበያውም ገና አልተነቃነቀም። መኪኖች ግን በብዛት ያልፉ ነበር። በራሽሞር ተራራ ላይ የአራቱን ፕሬዚዳንቶች ምስል የመቅረጹ ሥራ ከ1927 ጀምሮ በመካሄድ ላይ ስለነበር፣ እርሱን ለማየት ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ሰው በከተማዋ ዳር እየነዳ ያልፋል፤ ለመቆም ግን ምክንያት አልነበረውም።

የ1936 በጋ በዚያ አገር ታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ከባዶቹ አንዱ ነበር። በሐምሌ 5 ቀን በዚሁ ግዛት በጋን ቫሊ የተለካው ሙቀት 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። በዚያው ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዶረቲ ቢልንና አራስ ልጃቸውን ይዘው ጋደም ለማለት ሄዱ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በአውራ ጎዳናው የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። ይዘው የመጡት ግን ሐሳብ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ሐሩር ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚያምረው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እኛ ደግሞ ውሃውም በረዶውም አለን፤ ታዲያ በነጻ እንደምንሰጥ በመንገዱ ላይ ለምን አናሳውቅም ነበር ያሉት። በዚያ ዘመን አንድ የጢም መላጫ ሳሙና ፋብሪካ ግጥሙን ስንኝ በስንኝ እየከፈለ በተከታታይ ሰሌዳዎች ላይ ማስነበቡ በመላው አሜሪካ የታወቀ ስለነበር፣ ወይዘሮ ዶረቲ ይህንኑ ዘዴ ተከትለው ስለ ለስላሳ መጠጥ (በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች እርሱንና አይስክሬምንም ይሸጡ ነበር)፣ ስለ መታጠፊያውና በነጻ ስለሚሰጠው በረዷማ ውሃ የሚናገር አጭር ግጥም ገጠሙ።

ቴድ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይዘው፣ በእንጨት ጣውላ ላይ የተጻፈውን ግጥም መኪና ውስጥ ያለ ሰው እየነዳ ሊያነበው በሚችል ርቀት በመንገዱ ዳር ተከሉት። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት ሥራው ለእርሳቸው የሞኝ ሥራ መስሏቸው ነበር፤ ሆኖም ጨርሰው ወደ ሱቁ ሲመለሱ መንገደኞች ቀድመዋቸው ገብተው ውሃ ሲጠይቁ አገኙ። ውሃውን ጠጥቶ አመስግኖ የሚሄድ ነበር፤ አይስክሬም የሚገዛም፣ ቀሪውን መንገድ የሚጠይቅም ነበር። በቀጣዩ በጋ ሥራውን ለመቻል 8 ሴቶች ልጆችን መቅጠር ግድ ሆነ። ጥለው የመሄዱ ነገርም ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ለተጠማ መንገደኛ ውሃ መስጠት በእኛ አገር ማንም እንደ ንግድ ዘዴ የሚቆጥረው አይደለም። የዚህ ቤተሰብ ታሪክም ትርጉሙ የሚገባኝ ከዚያ በኩል ነው፤ የመጣው እንግዳ ምንም ሳይገዛ ቢሄድ እንኳን ቅር የሚያሰኝ ነገር ስለሌለ፣ ሰውየው በሌላ ጊዜ ይመለሳል፣ ለወዳጁም ያወራል። የመሥራችነቱ ክብር በአብዛኛው የሚሰጠው ለቴድ ነው። ነገር ግን ቤተሰቡን ያቆመው ሐሳብ የወይዘሮ ዶረቲ መሆኑን ባለቤታቸው ራሳቸው ደጋግመው መስክረዋል፤ ስለዚህ ስማቸው ከቴድ እኩል መነሣት ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ራሱ ባህል ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ የአካባቢው ወታደሮች ካሉበት እስከ ዎል ድራግ ያለውን ርቀት የሚገልጽ ጽሑፍ በየሰፈሩበት ይተክሉ ጀመር፤ ቴድም በለንደን ሳይቀር ማስታወቂያ አስወጥተዋል። በአሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ሰሌዳዎች ከሚኒሶታ ግዛት እስከ ሞንታና፣ ቢሊንግስ ከተማ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና 90 ላይ የተተከሉ ናቸው። ልጆች የጫነ ቤተሰብ ይህን ያህል ርቀት አንዱን ሰሌዳ ካንዱ እያነበበ መጥቶ ሳይቆም ማለፍ እንደሚከብደው ማንም መገመት ይችላል።

ከብርድ ልብስ መጋረጃ ጀርባ ያደገው ቢል እንደ አባቱ ፋርማሲ ተምረው በ1951 ወደ ቤተሰቡ ሥራ ገቡ። አባትና እናት ሰውን ከመንገድ ጠርተው አምጥተው ነበር፤ የቢል ድርሻ የመጣው ሰው ግማሽ ቀን የሚቆይበትን ቦታ መገንባት ሆነ። በእርሳቸው ዘመን ሱቁ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየሰፋ የምዕራቡን የድሮ ከተማ ጎዳና የሚመስል አዳራሽ፣ ሰፊ ምግብ ቤት፣ የመጻሕፍትና የቡት ጫማ መሸጫ፣ እንዲሁም ለመንገደኞች የጸሎት ቤት ተጨመረበት። የምግብ ቤቱ ግድግዳዎች ስለ ምዕራቡ አገር ኑሮ በተሣሉ የዘይት ቀለም ሥዕሎች የተሞሉ ሲሆን፣ ስብስቡ ከ300 ይበልጣል። የመጀመሪያውን ሱቅ አስመስሎ የተሠራ የመድኃኒት ቤት ሙዚየምም አለ። ጠቅላላ ስፋቱ አሁን 7,000 ካሬ ሜትር ገደማ ደርሷል።

ቢልን የገጠማቸው ትልቁ ፈተና ከመንግሥት በኩል መጣ። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የአውራ ጎዳናዎች ማስዋቢያ ሕግ በመንገድ ዳር የሚተከሉ ማስታወቂያዎችን የሚገድብ ስለነበር፣ ከሰሌዳ በቀር ሌላ መጥሪያ የሌለው ድርጅት ሥጋት ውስጥ ወደቀ። ከአውራ ጎዳናው ሆኖ የሚታየው 24 ሜትር ርዝመት ያለው የዳይኖሰር ሐውልት የዚያ ጊዜ መልስ ነው። የሠሩት ቀራጺ ኤሜት ሱሊቫን ቀደም ሲል በራፒድ ሲቲ ኮረብታ ላይ ያሉትን ዳይኖሰሮች፣ በአርካንሳስ ደግሞ ግዙፉን የክርስቶስ ሐውልት የሠሩ ሰው ናቸው። የተፈራው ሕግ ሰሌዳዎቹን ሁሉ ጠራርጎ አላጠፋቸውም፤ ዳይኖሰሩም እስከ ዛሬ ከከተማዋ መውጫ አጠገብ ቆሟል።

ወይዘሮ ዶረቲ በ1995 አረፉ። ቴድ በጥር 1999 በ96 ዓመታቸው ሲሞቱ የግዛቱ አስተዳዳሪ ቢል ጃንክሎ ዓመታዊ የምክር ቤት ንግግራቸውን የጀመሩት እርሳቸውን በማሰብ ነበር። ልጃቸው ቢልም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አያትንም አባትንም ማጣት ብዙ የቤተሰብ ንግዶችን የሚበትን ነገር ነው። እዚህ ግን የቢል ልጆች ሪክና ቴዲ ከዚያ በፊት ለዓመታት በሥራው ውስጥ ስለነበሩ ድርጅቱ ከእጃቸው አልወጣም፤ አሁን የሪክ ልጅም በአስተዳደሩ ገብታ አራተኛው ትውልድ ተተክቷል።

ሥራው የወቅት ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው በበረዶ ይሸፈናል፣ ጎዳናውም ጭር ይላል፤ በጋ ሲመጣ ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ጭምር ተቀጥረው በሞቃት ቀን እስከ 20,000 ብርጭቆ በረዷማ ውሃ ይቀዳል። ቡና በ5 ሳንቲም ይሸጣል፤ ሂሳቡ የሚከፈለውም ጠጪው በራሱ እምነት ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ በሚጨምረው ሳንቲም ነው። ለአዲስ ሙሽሮች፣ ለካህናት፣ ለቀድሞ ወታደሮች፣ ለአዳኞችና ለጭነት መኪና ሾፌሮች ግን ቡናውም ዶናቱም በነጻ ነው። በዚሁ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ በሱ ፎልስ ከተማ በርከት ያሉ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው ራሽሞርን ለማየት ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሁሉ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በዎል በኩል ያልፋል፣ ውሃውም በጓሮው በኩል እንደ በፊቱ ያለ ክፍያ ይቀዳለታል።