ጠግቦም የማያርፍ አይጥ፦ ሆርሞንና ውሳኔ

ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጂም ጡንቻ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰውነት ራሱ ከኮሌስትሮል የሚሠራቸው ስቴሮይድ ሆርሞኖች አሉ። ቴስቶስቴሮን፣ ኢስትሮጅንና የውጥረት ሆርሞኖች ከእነዚህ ናቸው። በስብ ስለሚሟሙ ከደም ወደ አንጎል ለመግባት አይቸገሩም።

የአይጥ ዋና የውጥረት ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ነው፤ የሰው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ኮርቲሶል። ሁለቱም የሚመነጩት ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው አድሬናል እጢ ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች መጠኑ የሚጨምረው ወደ ማታ ነው፤ በእኛ ግን ጠዋት። እ.ኤ.አ. በ1968 ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቹ ኮርቲኮስቴሮን የአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንደሚሰበሰብ አሳዩ። ሂፖካምፐስ ትዝታ የሚያዝበት የአንጎል ክፍል ነው። የውጥረት ሆርሞን እዚያ ድረስ መግባቱ ትልቅ ዜና ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ በ2009 ፖርቱጋላውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ነው። አይጦች መጫኛ (በእግራቸው ወደ ታች የሚገፉት ትንሽ ማንሻ) ሲጫኑ ምግብ እንዲያገኙ ሰለጠኑ። ከፊሎቹ ቀደም ብለው ለሳምንታት ውጥረት ውስጥ ቆይተዋል። ከዚያ ሁሉም ያንኑ ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። ያልተጨነቁት መጫናቸውን ቀነሱ፤ ጠግበዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል? የተጨነቁት ግን ሆዳቸው ሞልቶም ይጫናሉ። አንጎላቸው ሲታይ፣ ግብን አይቶ ለመወሰን የሚያገለግለው ክፍል መንምኗል። ልማድ የሚያዝበት ጎረቤቱ ደግሞ ሰፍቷል። አይጧ ምግቡን ፈልጋ ሳይሆን ለምዳው ነው የምትጫነው።

ቴስቶስቴሮን ሌላ ጠባይ አለው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሩት ዉድና ባልደረቦቿ ለወንድ አይጦች ብዙ ቴስቶስቴሮን ሰጡ። ሁለት መጫኛም አቀረቡላቸው። አንዱ ትንሽ ምግብ ይሰጣል፣ ጣጣ የለውም። ሌላው ብዙ ይሰጣል፣ ግን እግራቸውን ኤሌክትሪክ ሊነዝራቸው ይችላል። ሆርሞኑን የወሰዱት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ብዙው አዘነበሉ። ደፋር ሆኑ እንጂ ችኩል አልሆኑም፤ ራስን መግታት በሚጠይቀው ፈተና ከሌሎቹ አልተለዩም። ድፍረትና ችኮላን አንድ አድርገን ለምናይ ሰዎች ይህ ልብ ሊባል ይገባል።

ሴት አይጦች ለረጅም ጊዜ ከምርምር ተገልለው ኖረዋል። ሆርሞናቸው በየአራትና አምስት ቀኑ ስለሚዞር ውጤቱን ያዘበራርቃል ተብሎ ነበር። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሴቶቹ በተካተቱበት ጊዜ፣ ቅጣት ያለበትን ምርጫ ከወንዶቹ ይበልጥ እንደሚሸሹ ታየ።

የእናት ነገርም አለ። በሞንትሪያል ማጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ እናት አይጦች ልጆቻቸውን ሲልሱ ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ብዙ የተላሱት ካደጉ በኋላ ሲደነግጡ የውጥረት ሆርሞናቸው ቶሎ ይረግባል። ሂፖካምፐሳቸው ሆርሞኑን የሚቀበሉ ተቀባዮች በብዛት ስላሉት፣ «በቃ» የሚለው መልእክት ፈጥኖ ይደርሳል። እምብዛም ከማትልስ እናት የተወለደችውን ገና በጨቅላነቷ አብዝታ ለምትልስ እናት ሲሰጧት፣ አድጋ የተረጋጋች ሆነች።