የሥራ ፍለጋ በራስ መተማመን መለኪያ ምንድን ነው?

«ሥራ አገኛለሁ ብለህ ታስባለህ?» እና «ሥራ መፈለግ እንደምትችል ምን ያህል ታምናለህ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ገበያው፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዕድሉም ጭምር ነው። ሁለተኛው ግን ስላንተ ብቻ ነው፤ መለኪያው የሚይዘውም ይሄንኑ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከስታንፎርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ከአልበርት ባንዱራ ነው። በፈረንጆች 1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው አንድን ነገር የሚጀምረውም፣ ሲከብደው የሚገፋበትም እችለዋለሁ ብሎ ባመነው ልክ ነው አሉ። እምነቱ ደግሞ እንደ ተግባሩ ይለያያል። ቢቸና ሠርግ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት የሚፎክር ጎረምሳ ሦስት ፈታኞች ፊት ሲቀመጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል።

በፈረንጆች 1994 ተመራማሪው ሶልበርግና ባልደረቦቹ ለሥራ ፍለጋ ብቻ የሚሆን መለኪያ አወጡ። 35 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ«በጣም ትንሽ» እስከ «በጣም ብዙ» በ10 ደረጃ ትመልሳለህ። የሚነካው ራስን መመርመርን፣ ሥራ ማፈላለግን፣ ቃለ መጠይቅንና ከባለሙያዎች ጋር መተዋወቅን ነው።

እኛ ጋ ጣጣ ያለው የመጨረሻው ላይ ነው። «ሰው አለህ?» ስንባባል የምናስበው ቢሮ ውስጥ ያለ አጎትን ነው። መለኪያው ግን የሚፈልገው የማታውቀውን ባለሙያ ቀርበህ ስለ ሙያው መጠየቅ ትችል እንደሆነ ነው። አጎት ያለው ልጅ ማንንም ደፍሮ ሳያናግር እዚህ ላይ ከፍተኛውን ነጥብ ሊሞላ ይችላል፣ ነጥቡም ምንም አይነግርህም።

ይሉኝታም አለ። ዳንግላ ወይ ቡሬ ያደገ ልጅ በራስህ ትተማመናለህ ወይ ሲባል «እኔ ምን አውቄ፣ እሱ ያውቃል» ማለት አስተዳደጉ ነው እንጂ ሁሌ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ መጠይቁን ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ለተመራቂዎች የሚያድል ሰው ቃል በቃል ተርጉሞ ባይበትነው ይሻላል። «ሲቪህን ያለ ሰው እርዳታ ታዘጋጃለህ?» ብሎ በተግባር ቢጠይቅ መልሱ ይጠራል።

ድምሩ ላይ አትጨነቅ፣ ዝቅ ያለውን ክፍል እይ። ባንዱራ እንደሚሉት ይህን እምነት ከሁሉ በላይ የሚያሳድገው ራስ ሠርቶ ማየት ነው፤ ቀጥሎ እንደራስ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት ይመጣል። ማበረታቻ ንግግር ከእነዚህ ይደክማል፣ ለተመራቂ ግን አብዝተን የምንሰጠው እሱን ነው። የቃለ መጠይቁ ክፍል ላይ ነጥብህ ከወረደ ጓደኞችህን ጠረጴዛ ማዶ አስቀምጥና ደጋግመው ይፈትኑህ፤ አምና የተቀጠረ የዶርም ልጅ ከመሃላቸው ካለማ ተገላገልክ።