ጤና መኮንንና ሐኪም፦ ልዩነቱ የት ነው?

ጎንደር ዙሪያ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ገብታ «ዶክተር፣ ልጄን እይልኝ» ስትል፣ ጎንበስ ብሎ የሕፃኑን ደረት የሚያዳምጠው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ጤና መኮንን ነው። ጤና መኮንን በዲግሪ የሚሠለጥን፣ መርምሮ በሽታን የሚለይና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ሲሆን፣ ከሕክምናው ጎን ወረርሽኝ መከላከልንና የጤና ጣቢያ አመራርን ይማራል፤ ለዚህም ነው «ያልጨረሰ ሐኪም» መባሉ ትክክል የማይሆነው። እንዲያውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን እንጂ ሐኪሞችን አልነበረም፤ በጎንደር የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ሐኪም ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይማራል፣ በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወረ የተግባር ልምምዱን (ኢንተርንነቱን) ይጨርሳል፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ከፈለገም ለተጨማሪ ዓመታት ሬዚደንት ሆኖ ይሠራል።

በአሜሪካ ያለው «ፊዚሽያን አሲስታንት» (የሐኪም ረዳት) ከእኛ ጤና መኮንን ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። እዚያ ሠልጣኙ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ አብዛኛውን ጊዜ 27 ወር ገደማ በሚወስድ የማስተርስ ሥልጠና ያልፋል፤ ሬዚደንትነት ግዴታው አይደለም፤ ሐኪሙ ግን አራት ዓመት የሕክምና ትምህርትና ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንትነት ይጠብቀዋል።

ልጆቻችን መንገዱን ሲመርጡ ሊያውቁት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የጤና መኮንንነት ዲግሪ በሥራ ልምድ ብቻ ወደ ሐኪምነት አይቀየርም፤ ሐኪም መሆን የሚሻ ጤና መኮንን ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ መማር አለበት።