ማኅሌትና ሰበካ ጉባኤ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ አጥቢያዎች አንድነት እንዴት ይያዛል

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በመሳሰሉ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ሰው የሚገባው በዕጣ ነው፤ ጎረቤቱን የመረጠ የለም። በነዚህ ዳርቻዎች የሚተከሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎችም አገልጋያቸው እንደ ምእመናቸው ከየአገሩ የተሰባሰበ ነው። በቆርቆሮ መቃኞ (ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን) ታቦት ሲገባ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የመጡ ካህናት ማኅሌቱ፣ ማለትም በዝማሬ የሚቀርበው ምስጋና፣ በሚቆምበት አንድ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ይገናኛሉ። ሁሉም መቋሚያና ጸናጽል ይዟል፤ የተማረበት የአብነት ቤት ግን ይለያያል።

ዜማው ለሁሉም የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ልዩነቱ ያለው በስልቱ ላይ ነው። ከሚታወቁት ቤቶች በድጓ (በዜማው መጽሐፍ) ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት፣ በቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፣ በቅኔ ዋሸራ፣ ዋድላና ጎንጅ ይጠቀሳሉ። በአቋቋም፣ ማለትም መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በዜማ በመንቀሳቀስ ስልት፣ ደግሞ የጎንደሩና የተክሌው አሉ። የተክሌው አመጣጥ ሲተረክ፣ በቀልዱ የምናውቀው አለቃ ገብረ ሐና ጣና ዳር ሸምበቆው በነፋስ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ አቋቋም አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እሱም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ የሁለቱ ቤት ልጆች ዳር አገር ባለ መቃኞ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። አንዱ ወደ ጎን ሲል ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ካለ ምእመኑ ባያስተውል እንኳ የዜማው መሪ፣ መሪጌታው፣ ያያል።

መፍትሔው ያለው እዚያው ሥርዓቱ ውስጥ ነው። ማኅሌት መምራትና መቀበል ነው፤ የሚመራው በቤቱ ስልት ይመራል፣ የቀረው ይቀበለዋል። ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ወገናቸውን ይይዛሉ። ብልህ አስተዳዳሪ ለዓመት በዓል ማን ምን እንደሚመራ አስቀድሞ ይነጋገራል፤ እንግዳ ሊቅ ከመጣም ቅኔውን ይለቅለታል። በእኔ ግምት የብዙ አጥቢያ ሰላም የቆመው በዚህች ትንሽ መተላለፍ ላይ ነው። ወረፋ የተነፈገ መሪጌታ ቂሙን ይዞ ሌላ ደብር እንደሚፈልግ ማንም የቤተ ክህነት ሰው ያውቀዋል።

ከማኅሌቱ ውጭ ያለውን የሚይዘው የአጥቢያው አስተዳደር ጉባኤ፣ ሰበካ ጉባኤ ነው። መሠረቱ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በየጊዜው የተሻሻለው መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዐዋዲ ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበታል። ጭቅጭቁ እዚህ በዜማ አይነሳም፤ በቅጥር፣ በሕንፃው ገንዘብና በሙዳየ ምጽዋት ነው የሚነሳው።

እምነትን የሚነካ ክርክር ሲመጣ አባቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ነገሩ ዶግማ (የማይለወጥ የእምነት መሠረት) ነው ወይስ ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) የሚለውን ነው። የጽጌ ጾም ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆየው ይህ ጾም ከሰባቱ አጽዋማት ስላልተቆጠረ የፈቃድ ነው። በአንድ ግቢ የሚጾምና የማይጾም ጎረቤት ሲገናኝ፣ ካህኑ አንዱን አድንቆ ሌላውን አይነቅፍም። ዶግማ ሲሆን ግን ጉዳዩ ከአጥቢያ አቅም በላይ ነው። ካራ፣ ቅባትና ጸጋ በተባሉ ወገኖች መካከል ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር በአጥቢያ አላለቀም፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው የተወሰነው። ያኔ የተረታው ሦስት ልደት (የጸጋ ወገን) ዋና መቀመጫው ደብረ ሊባኖስና ሸዋ ነበር፤ ይህች ከተማ የበቀለችበት አገር ማለት ነው።

የቅርቡ ፈተና ከዶግማ ይልቅ የአስተዳደርና የቋንቋ ነው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ተለያይተው የነበሩት የአገር ቤትና የውጭ አገር ሲኖዶሶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲታረቁ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተስማሙ፤ ሁለት ፓትርያርክ፣ አንድ ሲኖዶስ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ ወሊሶ አካባቢ ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አንድ ዐውደ ምሕረት በሚጋራባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የካቲት 8 ስምምነት ተደረሰ። በየቋንቋው የሚሰጠውን አገልግሎት ማጠናከር አንዱ መነጋገሪያ ነበር፤ ለአጥቢያ ይህ ማለት በአፋን ኦሮሞ የሚሰብክና የሚቀድስ ካህን መቅጠር ነው። ደመወዙም ያው ከሙዳየ ምጽዋቱ ነው።

በጥምቀት ዋዜማ የየሰፈሩ ታቦታት ወደ አንድ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ይጠባበቃሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ቆሞ የኋላውን ይቀበላል፣ የየደብሩ መዘምራንም ድምፃቸው እስኪቀላቀል ይቀራረባሉ። ጥር 11 አብዛኞቹ ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የሚካኤል ታቦት ግን እንደ ልማዱ ያድርና በቃና ዘገሊላ፣ በ12 ይገባል፤ የሌሎቹ ደብር ካህናትም ሊሸኙት ይመለሳሉ።