ዲኮደሩን ዘግቶ ወደ ኢንተርኔት መዞር፦ ሀዋሳ ላይ የሚሰሙ ስሕተቶችና እውነታው

ወርኃዊው የዲኮደር ክፍያ ሲከብድ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ቤት ውስጥ ዋይፋይ አለ፤ ለምን በሁለት በኩል እከፍላለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከጎረቤት፣ ከቴሌግራምና ከቴሌቪዥን ሻጭ የተለቃቀመ ይሆናል። የእኛ አቋም አጭር ነው፦ ሀዋሳ ውስጥ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚያዋጣው ሥራውን መከፋፈል ነው። ዜናውንና የአገር ውስጥ ድራማውን ነጻው ዲሽ ይያዝ፤ ለፊልም አንድ ደንበኝነት በሚፈለግበት ወር ብቻ ይከፈት፤ ኳስ ለብቻው ይሰላ። ለምን እንዲህ እንደምንል ከታች በየስሕተቱ ይታያል።

«ዲኮደሩ ከተዘጋ ዲሹም ይውረድ»

አይውረድ። ዲሹ ቆርቆሮ ነው፤ ወደየትም ይዞራል። ኢቲቪ፣ ፋና፣ ኢቢኤስ፣ ቃናና ሌሎችም የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚገኙት በኢትዮሳት ነው። ኢትዮሳት ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። በዲኮደር የሚከፈልበት ዲኤስቲቪ የሚመጣው ደግሞ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ዲሹ ባለበት ሆኖ ሪሲቨር ብቻ ቢቀየር ምንም አይገኝም።

ከሀዋሳ ሲታይ የ36 ዲግሪው ሳተላይት ከአናታችን በላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከፍታው 81 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ወደ ደቡብ ሆኖ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። የኢትዮሳቱ ከፍታ 67 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አቅጣጫው በኮምፓስ 110 ዲግሪ፣ ማለትም ምሥራቅ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ። በቀላሉ ለማስታወስ፣ የኢትዮሳት ዲሽ ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል። በዓይን ግምት ግን አይታመኑ፤ እኛ ዘንድ የተለመደው ሞላላ ዲሽ ከሚመስለው በላይ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ያዘነበለ መስሎ ሳለ ልክ ሊሆን ይችላል።

ብሎኑ ከመላላቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በማርከር ማስመር ጥሩ ነው፤ ለኳስ መመለስ ቢፈለግ ሥራው ይቀልላል። ሪሲቨሩ ከመብራት ተነቅሎ ኬብሉ ይገጠም፤ በበራ ሪሲቨር ላይ ኬብል መነካካት ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለው ምልክት ተቀባይ) የሚሄደውን ኃይል ሾርት ሊያደርግና ሪሲቨሩን ሊጎዳ ይችላል። ሴቲንግ ላይ የኤልኤንቢው ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ ቁጥሩ 9750 እና 10600 ይሁን። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ማየት ነው። ስትሬንግዝ የሚለው ከፍ ማለቱ ኬብሉና ኤልኤንቢው መገናኘታቸውን እንጂ ሳተላይቱ መገኘቱን አያሳይም። የሚታየው ኳሊቲ ነው። ስትሬንግዝ 80 እያለ ኳሊቲ 0 ከሆነ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየ ነው። በጣት ስፋት እያንቀሳቀሱ፣ በየእንቅስቃሴው ሁለት ሦስት ሴኮንድ እየጠበቁ ይፈለጋል፤ ሪሲቨሩ ምልክቱን ለመያዝ ጊዜ ይወስድበታል፣ በችኮላ የሚዞር ዲሽ ሳተላይቱን አልፎት ይሄዳል። ኳሊቲ ከተገኘ በኋላ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ ጥቂት ግራና ቀኝ ማዞር ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል።

አሮጌ ኤስዲ ሪሲቨር የኤችዲ ጣቢያዎችን አያወጣም፤ ድምፅ ብቻ ወይም ጥቁር ስክሪን ያሳያል። ክረምት ላይ በየቀኑ ከሰዓት የሚጠፋ ምስል ደግሞ ሁልጊዜ የዝናቡ ጥፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው መግጠሚያ ውስጥ ውኃ ገብቶ ዝጎ ነው፤ ጫፉን ቆርጦ አዲስ መግጠሚያ ማድረግና በቴፕ መጠቅለል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ኢንተርኔት ይረክሳል»

እንደ ቤቱ ነው። ለፊልም ኩባንያው፣ ለምሳሌ ለኔትፍሊክስ፣ የሚከፈለው አንድ ነገር፣ ፊልሙ የሚመጣበት ዳታ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው የሚያወዳድረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው መጠን አንድ ሰዓት ዕይታ በዝቅተኛ ጥራት እስከ 0.3 ጊጋ ባይት፣ በመካከለኛ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ ባይት ይበላል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 90 ሰዓት ያያል። ይህ በመካከለኛ ጥራት 63 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 270 ጊጋ ነው። ያልተገደበ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሊረሳው ይችላል። በሞባይል ጥቅል ከስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ግን ከዲኮደሩ ክፍያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ጥቅሉ ጊዜው ሲያልቅ የቀረው ዳታ መቃጠሉም አለ። «ያልተገደበ» የሚባለው የሞባይል ጥቅል ላይ ደግሞ የተወሰነ መጠን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ከመግዛት በፊት ደንቡን ማንበብ ያስፈልጋል። በተቀነሰ ፍጥነት መልእክት ይሄዳል፤ ፊልም አይሄድም።

ለማንኛውም አገልግሎት የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ፦ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 0.45 ጊጋ ባይት ይበላል። 5 ሜጋ ቢት የሚፈስ ከሆነ 2.25 ጊጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር ዶላሩ ነው። የዲኮደር ክፍያ በብር፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ይከፈላል። የውጭ አገልግሎት ግን ዋጋው በዶላር ከተቆረጠ ብሩ ሲወርድ ክፍያው ዝም ብሎ ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 10 ዶላር የሚቆርጥ ደንበኝነት ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ከ570 ብር ወደ 1,000 ብር በላይ ሄደ ማለት ነው።

ዳታ ለመቆጠብ ኔትፍሊክስ ላይ በብሮውዘር አካውንት ውስጥ ገብቶ፣ ፕሮፋይሉን መርጦ፣ ፕሌይባክ ሴቲንግስ የሚለው ላይ መካከለኛውን መጠን መምረጥ ነው። ቅንብሩ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል ለብቻው ነው፤ የአባወራው ተስተካክሎ የልጆቹ ከተረሳ ዋናው በላተኛ አልተነካም። እዚያው ገጽ ላይ ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረው ምልክት ይነሳ። ልጅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ካርቱኑ አብሮት አይተኛም።

«የባንክ ካርድ ካለኝ መክፈል እችላለሁ»

በብር ሂሳብ ላይ የተሰጠ የኤቲኤም ካርድ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ቢኖረውም ለውጭ የኦንላይን ክፍያ ክፍት ላይሆን ይችላል። ባንኩን ሲጠይቁ «ካርዱ ይሠራል?» ሳይሆን «ለዓለም አቀፍ የኦንላይን ክፍያ ተከፍቷል? ሂሳቡስ የውጭ ምንዛሪ ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ያጠራዋል። ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ሊልክ ከሆነ ካርዱ የተገዛበት ገንዘብና አካውንቱ የሚከፈልበት ገንዘብ አንድ መሆን አለባቸው፤ በዩሮ የተገዛ ካርድ በዶላር ለሚቆረጥ አካውንት አይሆንም። የስጦታ ካርድ ጥሩ ጎኑ የተሞላው ሲያልቅ አገልግሎቱ መቆሙ ነው፤ ሳያስቡት የሚቆረጥ ገንዘብ የለም።

«ከተቆራረጠ ፓኬጁን ላሳድግ»

ከመክፈል በፊት በስልክ የፍጥነት ምርመራ ይቅደም። ኔትፍሊክስ ለ720ፒ 3፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ፍጥነቱን መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ ቆመው፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ይለኩ። ራውተሩ ጋ 8 ሆኖ ሳሎን 2 ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፤ ፓኬጅ ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው። የ5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ቅርብ ላይ ፈጣን ቢሆንም ብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል፤ ሁለት ክፍል አልፎ ለሚገኝ ቴሌቪዥን 2.4 ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ተራ የኔትወርክ ኬብል ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ያለው ቀዳዳ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ቢሆንም ለ4ኬ እንኳ ይተርፋል።

ራውተሩ ጋም ዝቅተኛ ከሆነ ማለዳና ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ለየብቻ ይለኩ። ማለዳ ደህና ሆኖ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መስመሩ ሰው በዝቶበት ነው። ያን ጊዜ ጥራቱን መቀነስ፣ ወይም ማለዳ ስልክ ላይ አውርዶ ማታ ማየት ይረዳል። አንዳንድ የወረዱ ፊልሞች ማየት ከተጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላ እንደሚዘጉ ግን አይርሱ።

«ካርቶኑ ላይ 4ኬ ይላል»

ካርቶን ብዙ ይላል። አንድሮይድ የሚሉ ርካሽ ሳጥኖችና አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የሚሠሩት በስልክ አንድሮይድ እንጂ በጉግል በተረጋገጠው የቴሌቪዥን ዓይነት አይደለም። ዋይድቫይን የሚባለው የቪዲዮ ጥበቃ የላይኛው ደረጃና የኔትፍሊክስ ማረጋገጫ ከሌላቸው ኔትፍሊክስ ወይ አይጫንም፣ ወይ በዝቅተኛ ጥራት (በ480ፒ) ብቻ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ምንም ቢፈጥን ለውጥ የለውም። ለ4ኬ አራት ነገር በአንድ ላይ ያስፈልጋል፦ ከፍተኛው የክፍያ ዕቅድ፣ የተረጋገጠ መሣሪያ፣ 15 ሜጋ ቢት፣ እና ራሱ በ4ኬ የተዘጋጀ ፊልም። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ ኔትፍሊክስን ከፍቶ አንድ ፊልም እንዲያስጀምር ይጠይቁ። «ቤት ስትደርሱ ይጫናል» ካለ ይለፉት።

ለ32 ኢንች ስክሪን ደግሞ 4ኬ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው።

«አንድ አካውንት ለአምስት ቤት ይበቃል»

ድሮ ይሆን ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አካውንቱን በአንድ ቤት ኢንተርኔት ላይ ባሉ ሰዎች ገድቦታል። ታቦር የሚኖረው ወንድም የከፈለውን መናኸሪያ ያለችው እኅት ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍተው ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ መልእክቱ የሚሄደው ደግሞ ወደ ባለቤቱ ኢሜይል ወይም ስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ በብር የሚሸጡ «ፕሮፋይሎች» የሚሰበሩትም እዚሁ ላይ ነው፦ ኢሜይሉ የሻጩ ስለሆነ እሱ ካልመለሰ ገዢው ውጭ ይቀራል፤ የይለፍ ቃሉ ሲቀየርም የሚከሰስ ሰው የለም።

የሞባይል ዕቅድ የሚባለውን ርካሹን የሚገዙ ሰዎችም በስልክና በታብሌት ብቻ እንደሚያዩ ቀድመው ይወቁ። ቴሌቪዥን ላይ አይከፈትም።

«አፑን አጥፍቼዋለሁ፤ ክፍያው ቆሟል»

አልቆመም። አፕ ማጥፋት ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ እንደመንቀል ነው። ደንበኝነት የሚሰረዘው በተከፈተበት በር ነው፦ በድረ ገጽ ከተጀመረ በድረ ገጹ አካውንት ውስጥ፣ በጉግል ፕሌይ ከተጀመረ በፕሌይ ውስጥ ሰብስክሪፕሽን በሚለው፣ በአይፎን ከተጀመረ በአፕል አካውንት ሴቲንግ ውስጥ። ኔትፍሊክስ ሲሰረዝ የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ የሚፈልግ ሰው በከፈለ ዕለት መሰረዝ ይችላል፤ ምንም አያጣም፣ መርሳትም አይኖርም።

ዲኮደር ከዚህ ይቀላል። ቅድመ ክፍያ ነው፤ ካልተከፈለ ይዘጋል። ዲኤስቲቪ ላይ ኢ16 የሚል ጽሑፍ የሚመጣው ያኔ ነው። ሲመለሱ ዲኮደሩን አብርተው ይክፈሉ፤ ከፍለውም ጽሑፉ ካልጠፋ በኩባንያው መተግበሪያ ውስጥ ስሕተቱን የሚያነሳ አማራጭ አለ።

«ኳሱንም እዚያው አየዋለሁ»

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቀጥታ ሥርጭት ኔትፍሊክስ ላይ የለም። ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የያዘው በዲኤስቲቪ የሚታየው ሱፐርስፖርት ነው። የሀዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ደጋፊ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደዚያው ገብቶ ነበር። የኳስ መብት በኮንትራት ዘመን ስለሚሸጥ ለዓመት ከመክፈል በፊት የዘንድሮውን ማጣራት ይገባል። ኳስ ለሚወድ ቤት የሚያዋጣው ዲኮደሩን ሊጉ ባለበት ወራት ከፍቶ በዕረፍቱ መዝጋት ነው፤ ዲሽ ማዞር እንዳይደጋገም ለኢትዮሳት ሁለተኛ ዲሽ ይሰቀል። ሁለቱ የየራሳቸው ኬብል ይኑራቸው፤ ዲኮደሩ አንዱን፣ ሪሲቨሩ ሌላውን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይይዛል።

ሁሉንም ቻናል በዓመት አንድ ክፍያ እናስገባለን የሚሉት የአይፒቲቪ (በኢንተርኔት የሚመጣ ቴሌቪዥን) ሻጮች የሚያቀርቡት የተሰረቀ ሥርጭት ነው። ሰርቨሩ በተዘጋ ቀን ገንዘቡ አብሮ ይዘጋል፤ ከመደበኛ መደብር ውጭ የሚጫነው ፋይልም የባንክ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ መግባት የለበትም።

«መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ አያለሁ»

ስልኩ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ የለውም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ይሸጣል። ሲገዛ የራውተሩ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልት፣ ብዙ ጊዜ 12 የሚለውን፣ ማመሳሰልና የአምፔሩ ቁጥር ከተጻፈው ያላነሰ መሆኑን ማየት ነው። 12 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 5 ቮልት የሚሰጥ ተራ ፓወር ባንክ አይሆንም፤ 9 ቮልት ለሚፈልገው ደግሞ 12 ማስገባት ሊያቃጥለው ይችላል። የፋይበር መስመር ያለው ቤት ሁለት ሳጥን ካለው ሁለቱም ኃይል ማግኘት አለባቸው፤ ራውተሩ ብቻ በርቶ ዋይፋዩ ሙሉ ቢያሳይም ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ከጠፋ ኢንተርኔት የለም።