«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ዶሮዋ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ለማጽናናት ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለወደቀ፣ እንጀራዋ ዓይን አላወጣ ላላት፣ ክራር ይዞ ጣቱ አልታዘዝ ላለው «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። «ታገስ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል» ለማለት ነው። እኔ ግን ይህ ትርጉም የአባባሉን ግማሽ የጣለ ይመስለኛል።

አባባሉ የወጣው ዶሮ ከሚረባበት ቤት ነው። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ከሩቅ ሲያዩዋት የተኛች ትመስላለች። 21 ቀን ሙሉ ግን ሥራ ላይ ናት። እንቁላሎቹን በቀን ደጋግማ በመንቆሯ ታገላብጣለች። ካልተገላበጡ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ሊሞት ይችላል። ለመብላትና ለመጠጣት ትነሳለች፤ ሳይቀዘቅዙ ተመልሳ ትታቀፋለች። እግሩም በመጨረሻው ቀን ድንገት አይበቅልም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ቅርፊቱ ስለሸፈነው ማንም አያየውም። ደግሞም የዶሮ ጫጩት እንደ እርግብ ጫጩት ጎጆ ውስጥ ሳምንታት አይቆይም፤ በተፈለፈለ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ይራመዳል። የድሮ ሰዎች ይህን ልብ ብለው አይተውታል።

ቃላቱንም እዩልኝ። «ቀስ» ብቻውን ዝግታ ነው። «ቀስ በቀስ» ግን ትንሽ በትንሽ ላይ መደራረቡን ይናገራል። ደግሞ «ጫጩት ሆኖ ይሄዳል» አላሉም። የሚሄደው ያው እንቁላሉ ነው፤ ትናንት ሲነኩት የሚንከባለለው። ይህን አነጋገር በጣም እወደዋለሁ።

ታዲያ የጣረ ሰው ሁሉ ማንኛውንም ከባድ ሙያ ይችላል ማለት ነው? እንደዚያ አልልም። አውራ ዶሮ ያልደረሰበት እንቁላል 21 ቀን ቢታቀፉትም እግር አያወጣም። ዶሮ ያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ከውጭ ሲያዩት ከሌሎቹ አይለይም። ዶሮዋም ሁሉንም ትታቀፋለች። ራሳችንን ገና በሦስተኛው ቀን «ይሄ አይሆንልኝም» ብለን ስንጥል ያሳዝነኛል።

በቅኔ ቤት ያለው አካሄድ ለእኔ የዚህ አባባል ትክክለኛ ፍቺ ነው። ተማሪው መወድስ የተባለውን ረዘም ያለ የቅኔ ዓይነት በመጀመሪያው ቀን አይሞክርም። የሚጀምረው 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ፣ ካለው ጉባኤ ቃና ከሚባል አጭር ቅኔ ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ 3 ቤት ነው፤ እያለ እያለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ገለል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ፣ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል። ምሥጢሩ አልገጥም ያለ እንደሆነ ያፈርሱበታል። ተማሪውም በማግስቱ ወደ ሜዳው ይወጣና ሌላ ይቆጥራል።